ሐረጎ ላይ የጎደሉ ሦስት ደቂቃዎች

በ2091 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነካው የሞተሩን ቁልፍ አይደለም፤ ዓይኑን ነው። ዓይን የሚሉት ከመሪው መሐል የምትታሰረውን ካሜራ ነው። ካሜራ ብሎ የሚጠራት ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው ወይ በጣም ሽማግሌ።

ይመር ሙሄ ዓይኑን ሲያስር አይቸኩልም ነበር። ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የቆረጣትን ላስቲክ ከሥር ያነጥፋል፤ ሞተሩ ሐረጎ ዳገት ላይ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ እንዳይበላሽ ነው። ብሎኑን በካቻቢቴ ያጠብቃል፣ በቃ ካለ በኋላ ግማሽ ዙር ይጨምርለታል፣ መስታወቷን በአንገት ልብሱ ጫፍ ይወለውላል። ያኔ አረንጓዴ መብራቷ ይበራና በዚያ ለስላሳ የሴት ድምፅ "ታይተዋል" ትለዋለች።

"እኔም አየሁሽ" ይላታል ይመር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳይመልስላት ወጥቶ አያውቅም። ሚስቱ ሰዓዳ "እኔን እንኳ እንዲህ ደህና ዋይ ብለኸኝ አታውቅም" እያለች ትስቅበታለች።

ነገሩ ድሮ የወጣት ጨዋታ ነበር አሉ። ሐረጎን ሲወጡ፣ ኩርባውን ሲያጥፉት፣ ገደሉን ሲያዩት ቀርጾ ለጓደኛ ማሳየት። ኋላ ለግጭት ማስረጃ ሆነ። ኋላ ግዴታ ሆነ። አሁን ዓይን ያላየችው ጉዞ እንዳልተሄደ ይቆጠራል፤ ዓይን ያየችው ሁሉ በየቀኑ መዝገብ ቤት ተነብቦ ወደ መንገድ መዝገብ ይገባል። መዝገቡ ደግሞ ክፍተት አይወድም። ሐረጎ ጉም የማይለየው አገር ነው፤ ጉም ሲጋርዳት ወይ ጭቃ ሲለጠፍባት ዓይን ያላየችውን መዝገቡ ራሱ ያሟላዋል። ጠዋት አፍንጫህን እንኳ ሳታይ ያለፍክበት መንገድ ማታ የቤትህ ግድግዳ ላይ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ ወጥቶለት ታየዋለህ። ሰውም ምን ቸገረኝ አለ፤ ከእውነተኛው ይልቅ ያማረ ነበር።

ሉባባ የይመር አንድ ልጅ ናት፤ ሃያ ዓመቷ ነው። ግራ ጉልበቷ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጠባሳ አለ። ስድስት ዓመቷ ሳለ ከአባቷ ሞተር ላይ ወድቃ ነው። ያን ቀን ዶፍ ነበር፣ የሞተሩም ዓይን ጭቃ መትቷት ምንም አላየችም፤ ማታ ግድግዳው ላይ የታየው ሞተሩ በደህና ቤት ሲደርስና ሉባባ ዘላ ወርዳ ወደ በሩ ስትሮጥ ነው። ልጅቱም የምታስታውሰው እሱን ነው።

"ከተወለድኩ ጀምሮ ያለ ነው" ትላለች ስለ ጠባሳው።

"አንቺ! ተሸክሜሽ ሐኪም ቤት የሮጥኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?" ይላታል ይመር።

"አባባ ደግሞ! ያላየነውን ታወራለህ" ብላ ትስቃለች። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ያኔ ያስቃል እኮ።

ሉባባ የራሷን ሞተር ይዛ ከአባቷ ጋር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መድኃኒት ማመላለስ ከጀመረች ገና ወሯ ነው። ይመር ማርሽ አስተምሯታል፣ ኩርባ አስተምሯታል፣ ዓይን ማሰርም አስተምሯታል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ያልተጻፈ ሕግ አስተምሯታል። መንገድ ዳር የለቅሶ ድንኳን ካየህ ትቆማለህ፣ ትወርዳለህ፣ ሄልሜትህን አውልቀህ ዓይኑ ላይ ትደፋዋለህ፣ ሐዘንተኛውን አጽናንተህ ትሄዳለህ። የሰው እንባ አይቀረጽም። በዚያ አገር ይህን ያልጠበቀ ሞተረኛ ሰላምታ አይሰጠውም። ድንኳን ውስጥ የሚቀመጠውም ሰው፣ ስልክም ለመዝገቡ ታያለችና፣ ስልኩን በር ላይ ባለች ቅርጫት ውስጥ አስቀምጦ ነው የሚገባው፤ ቅርጫቷ ላይም ነጠላ ጣል ይደረጋል።

ማክሰኞ ጠዋት ከሐረጎ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ድንኳን ነበር። የሙላት እናት ሞተው ነው። ሙላት ጎማ ቤት ያለው ሰው ነው፣ የሞተረኛ ሁሉ ወዳጅ። ይመር ቆመ፣ ወረደ፣ ሄልሜቱን ዓይኑ ላይ ደፋ። ሉባባ ከኋላው ደረሰች፤ ሞተሯን ግን አላጠፋችም።

"ሸፍኚ!" አላት።

"አባባ፣ መድኃኒቱ ያስቸኩላል። እኔ ዝም ብዬ ልለፍ።"

"የሰው ለቅሶ ነው። ለቅሶ አይቀረጽም ብዬሽ የለ? አጥፊው!"

ልጅቱ ስታመነታ ይመር ሁለት እርምጃ ተራመደና በመዳፉ የእሷን ዓይን ሸፈነው። እንደዚያው፣ አንድ እጁን በልጁ ሞተር ላይ እንዳደረገ ቆሞ "እግዜር ያጥናችሁ፣ ነፍስ ይማር" አለ። አርባ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። እትዬ አልጋነሽ በጣሳ ውሃ ይዘው መጥተው ሰጡት። ባላቸው ጋሽ ተገኘ፣ የጥንት የአውቶቡስ ሾፌር፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"አንተ ይመር፣ አሁን ደግሞ የልጅቱንም ያዝክባት?" አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ምን ላድርግ ጋሽ ተገኘ። የዘመኑ ልጅ ለቅሶና ሠርግ አይለይም።"

"ተዋት እባክህ! ይቺን ዳገት ካንተ በተሻለ ትወጣዋለች ሲሉ ሰምቻለሁ። በእኔ ዘመን ብትሆን ረዳት አድርጌ እቀጥራት ነበር።"

ሉባባ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ለቅሶ መሆኑ ትዝ ብሏት በሻርፗ አፏን ያዘች። ሦስት ደቂቃ ቢቆዩ ነው። ይመር ሲሄድ በመስታወቱ ኋላውን አየ፤ ጋሽ ተገኘ ከአግዳሚው ተነሥተው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ በሌላ እጃቸው ደህና ግቡ ይሉ ነበር። ይህን በዓይኑ በብረቱ አይቷል።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደሴ፣ መዝገብ ቤት፣ ዓይኑን ለማስነበብ ሲያስረክብ ቢጫ መብራት በራበት። ሉባባ ቀድማ አስነብባ ወደ ቤት ወርዳለች። መክሊት የምትባል ትሑት ሴት ልጅ ወደ ውስጥ አስገባችው፣ ወንበር ሳበችለት።

"አቶ ይመር፣ አቶ ተገኘ የሚባሉ ሰው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ከሐረጎ ሦስተኛ ኩርባ በታች ሞተው ተገኝተዋል።"

"ምን? ጋሽ ተገኘ? ኧረ በአላህ! ጠዋት እኮ ሲቀልዱብኝ ነበር!" ይመር ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ገደሉ ነው። ወገባቸውን ሲያማቸው ወደ ዳር ወጣ ይላሉ... ወይኔ ሰውዬው!"

መክሊት እስኪረጋጋ ጠበቀችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ጠዋት ያለፈበትን መንገድ አበራችለት። ዳገቱ፣ አንደኛው ኩርባ፣ ሁለተኛው ኩርባ። ሦስተኛው ላይ ድንኳን የለም። መንገዱ ባዶ ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዳር ብቅ አሉ። ጎማው ሄደባቸው። ጋቢው ወደ ገደሉ ተጠቅልሎ ሲወርድ ታየ፣ አንድ ድምፅም "ወይኔ!" አለ። የራሱ የይመር ድምፅ ነው፤ ያ የጠዋት ጉሮሮው፣ ያ ሻካራው። ሞተሩ ሳይቆም አለፈ።

ይመር ወደ ግድግዳው ጣቱን ቀሰረ።

"ይኼ ውሸት ነው" አለ። "ቆሜ ነበር። ሄልሜቴን ደፍቼበት ነበር።"

"አዎ፣ ክፍተት ነበረው። ተሟልቷል።"

"ማን ነው ያሟላው? አይቶኛል?"

"መዝገቡ ነው አቶ ይመር። ሰውየው ሞተዋል፣ እርስዎ ጠዋት በዚያ ቦታ አልፈዋል።" ስለ አየር ጠባይ የምታወራ ነው የምትመስለው።

"ሞተሬን እዩት! ጭረት የለውም!"

"መዝገቡ ላይ አለው።"

"አርባ ሰው ነበር እኮ! ድንኳን ውስጥ! እትዬ አልጋነሽ ውሃ ሰጥተውኛል፣ የሟቹ ሚስት!"

መክሊት ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተች። "ወይዘሮ አልጋነሽ በዚያ ሰዓት ቤታቸው አተር ሲለቅሙ ታይተዋል። አቶ ሙላት ጎማ ቤታቸው ታይተዋል። በዚያ መንገድ ላይ ድንኳን የለም። እንዲያውም" አለችና ትንሽ ግራ የገባት መሰለች "በአካባቢው ባለፉት ሰባት ዓመታት የለቅሶ ድንኳን አንድም አልታየም።"

ሰባት ዓመት! ይመር ብቻ በእነዚህ እጆቹ ስንቱን ሸፍኗል? የአባቱን ለቅሶ፣ የጎረቤቶቹን፣ የጓደኞቹን። መላው የሐረጎ ሞተረኛ ሄልሜቱን እያወለቀ፣ በክብር፣ በአደብ፣ ከመዝገቡ ላይ ለቅሶ የሚባል ነገር አጥፍቷል።

"ልጄ!" አለ ድንገት ብድግ ብሎ። "ልጄ ከኋላዬ ነበረች! የእሷን ዓይን..." መዳፉን አየው።

"የእሷም ክፍተት ነበረው። ተሟልቷል" አለች መክሊት፣ አበራችለትም። በሉባባ ዓይን የይመር ጀርባ ይታያል፤ ሄልሜቱ ራሱ ላይ ነው። ጋቢው፣ ጎማው፣ ገደሉ። ከሌላ ማዕዘን ያው ነገር።

"አሁን እንግዲህ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሁለት ዓይን ተስማምቷል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ልጅዎ መጥታ ዓይኗ ያየውን እሷም አይታው እንደሆነ ትጠየቃለች። አዎ ካለች ፋይሉ ይዘጋል፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው። አላየሁም ካለች ሰው ይመረምረዋል።"

"እሷማ አላየሁም ትላለች። ምን ሆና ነው የምታየው?"

"ጥሩ። ሌላው መንገድ ደግሞ፣ በዚያ ቦታ ድንኳን እንዳለ አንድ ዓይን ሳይቋረጥ ለአንድ ደቂቃ ካየ፣ ያለ እሷም ቃል ፋይሉን እከፍተዋለሁ። አንድ ደቂቃ ብቻ።" ተነሥታ በሩን ከፈተችለት። "በደህና ይግቡ አቶ ይመር።"

ቤት ሲደርስ ገና አልጨለመም ነበር። ሉባባ ግድግዳው ሥር እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች፣ ግድግዳው ላይ ሦስተኛው ኩርባ እየዞረ ነው። ሰዓዳ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ በዓይኗ ጠቀሰችው።

"ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እንዲህ ናት" አለችው በሹክሹክታ። "ሰባቴ አየችው። አጥፊው ብላት አልሰማ አለችኝ።"

"ሉቤ፣ አጥፊው" አለ ይመር።

"አባባ፣ ጋሽ ተገኘ..." ዓይኗ አብጧል። "ሞቱ እኮ።"

"ሞቱ ልጄ። አላህ ይዘንላቸው። አጥፊውና ወደ እኔ ዙሪ። ጠዋት ምን እንዳሉሽ ንገሪኝ።"

"ረዳት አደርጋት ነበር አሉ።"

"እሰይ! እንዲያ ነው! የት ተቀምጠው?"

"አግዳሚ ላይ።" ትንሽ አሰበች። "አግዳሚ ላይ መሰለኝ። ሳቅኩ። አንተም ሄልሜትህን..." ወደ ግድግዳው ዞረች። እዚያ የአባቷ ጀርባ አለ፣ ሄልሜቱ ራሱ ላይ አለ። "አባባ፣ እሱ የባለፈው ሳምንት ይሆን እንዴ?"

"ዛሬ ነው! ዛሬ ጠዋት!"

"አትጩህባት!" አለች ሰዓዳ። መጥታ ከልጇ ጎን ተቀመጠችና ግራ ጉልበቷን በእጇ ያዘችው፣ ጠባሳው ላይ። "ሉባባ፣ እናትሽ ነኝ። ይቺን ቁስል እኔ ነኝ ያጠብኩልሽ። አስራ አንድ ቀን አጥቤዋለሁ። ግድግዳው ላይ የለም፤ ግን ጉልበትሽ ላይ አለ። ገባሽ?"

"ገባኝ እማዬ" አለች ሉባባ። ግድግዳውን አጠፋችው። አባቷን አቅፋው አለቀሰች፣ "አይዞህ፣ ነገ አላየሁም እላቸዋለሁ" አለችው፤ ይመርም እፎይ አለ። ግን ልብስ ሊቀይር ገብቶ ሲመለስ ግድግዳው እንደገና በርቷል፤ ድምፁን ብቻ ነው የቀነሰችው። "ወይኔ!" ይል ነበር በቀስታ፣ በራሱ ጉሮሮ።

ረቡዕ ጠዋት ይመር ዓይኑን አሰረ። ላስቲኩን አነጠፈ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ግማሽ ዙር ጨመረ። "ታይተዋል" አለችው። "እኔም አየሁሽ" አላት።

አባትና ልጅ ዳገቱን ወጡ። ጉም ነበር። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የሙላት እናት ድንኳን ተነቅሎ ካስማው የነበረበት ጉድጓድ ቀርቷል። ከሱ ሃምሳ እርምጃ አለፍ ብሎ ግን ሌላ ድንኳን ተተክሏል፤ የጋሽ ተገኘ ነው። ያው ሰው፣ ያው አግዳሚ፣ ያቺው ቅርጫት።

ይመር ቆመ፣ ወረደ። እጁ ለሃያ ሁለት ዓመት እንደለመደው ወደ ሄልሜቱ ሄደ፣ አወለቀው። ግን አልደፋውም። ብብቱ ሥር ያዘው። ዓይኗ አረንጓዴ እንደበራች ድንኳኑን ፊት ለፊት ታየዋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በልቡ መቁጠር ጀመረ።

በአግዳሚው ላይ ያለው ሰው ቀና አለ። ወዲያው ጋቢው ሁሉ ፊት ላይ ተሳበ፤ ሴቶቹ በነጠላቸው ተሸፈኑ።

"ይመር፣ ምን ነካህ? ሸፍነው እንጂ!" አለ ሙላት ከውስጥ።

"አልሸፍንም።" አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። "ሙላት ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፤ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ትናንት እናትህን አላለቀስንላቸውም? እኔ እዚህ አልቆምኩም?"

ሙላት መሬት መሬቱን አየ። "ቆመሃል መሰለኝ" አለ። "እንጃ ይመር። ማታ እኮ አየነው። ጎማ ቤት ነበርኩ፣ የደንበኛ ጎማ ስለጥፍ ራሴን አየሁ።"

"እናትህ ሞተው ለቅሶ ላይ እያለህ ጎማ ትለጥፋለህ?"

ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት።

እትዬ አልጋነሽ በጥቁር ነጠላ ተጠቅልለው ተነሡና እስከ ድንኳኑ አፍ መጡ። አልሸፈኑም፤ ፊታቸው ለዓይኗ ግልጽ ነበር።

"እትዬ አልጋነሽ፣ እርስዎ ይንገሯት! ለዓይኗ ይንገሯት! በጣሳ ውሃ የሰጡኝ እርስዎ አይደሉም?"

"ልጄ" አሉት፤ እንባቸው ቁልቁል ይወርዳል። "የሰጠሁህ ይመስለኛል። እጄ ላይ የጣሳው ቅዝቃዜ አለ። ግን አተር ስለቅም ራሴን አየሁ፤ ሦስቴ አየሁ፤ ቤቴ ነበርኩ። ተገኘንም አየሁት።" እጃቸውን ወደሱ ዘረጉ። "አልቀየምህም ይመርዬ። ሳታስበው ነው። በቃ ሸፍነውና ግባ፣ አብረን እናልቅስለት።"

"አልገደልኳቸውም!" ብሎ ጮኸ ይመር። አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት። "ወላሂ እትዬ፣ በአንድ ልጄ እምላለሁ አልገደልኳቸውም! እይ! አንቺ ዓይን፣ እይ እንጂ! ድንኳን ይኸው! ሰው ይኸው! ሃምሳ! ሃምሳ አንድ!"

ከኋላው የሞተር ድምፅ ጠፋ። የሉባባን እርምጃ ሰማ፣ ዞሮም ሳያያት ጎኑ ደረሰች። ሄልሜቷን አውልቃ ሻርፗን ራሷ ላይ አስተካክላለች፣ ልክ እንዳስተማራት። ሐዘንተኛዋን ጎንበስ ብላ ሰላም አለችና እጇን ዘርግታ፣ በቀስታ፣ መዳፏን በአባቷ ሞተር ዓይን ላይ አሳረፈች።

"ሉባባ!"

"አባባ፣ ይብቃህ" አለችው። "የሰው ለቅሶ ነው። ለቅሶ አይቀረጽም።"

"ሰባት ሰከንድ ነው የቀረኝ! ልጄ፣ እጅሽን አንሺ፣ ሰባት ሰከንድ!"

አላነሣችም። ቀና ብላ አየችው። ትወደዋለች፣ ፊቷ ላይ ይታያል፤ ከትናንት ጀምሮ ስታዝንለት ነው ያደረችው።

"ሳታስበው ነው እኮ አባባ" አለች። "መዝገብ ቤትም እንዲሁ እነግራቸዋለሁ። ሳያስበው ነው እላቸዋለሁ።"

ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት ሙሾ አወጣች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። ከሉባባ መዳፍ ሥር ያች ለስላሳ ድምፅ ተሰማች።

"ክፍተት" አለች። "እየተሟላ ነው።"

ይመር በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመለሰላትም።